ጥለቱ ወዴት ይዙር

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምተርክላችሁ በአንዲት የላሊበላ ሱቅ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ዕቃ ስትሰቅልና ስታወርድ ስለከረመች ተማሪ ነው። «ዕቃ መስቀል ደግሞ ምኑ ይተረካል?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት እንደዚያው ብያለሁ። ዝናቡ እንደሆነ የትም አያስኬደን፣ ቡናውም ገና አቦሉ አልወረደም፤ እናም ሳንቸኩል ከመነሻው እንያዘው።

ዘመኑ 2011 ዓ.ም፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። ኮቪድ ገና ስሙ እንኳ አልተሰማም፣ የሰሜኑ ጦርነትም ወደ ላስታ አልዘለቀም። ልጅቱ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፋሽን ዲዛይን የምትማር፣ የአጎቴ ልጅ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ጣና ዳር በመሆኑ ላሊበላን የምታውቃት በፎቶ ብቻ ነበር። ለክረምት ልምምድ፣ እነሱ ኢንተርንሺፕ ለሚሉት፣ ቦታ ፈልጉ ሲባል ጓደኞቿ ገሚሱ ወደ ኮምቦልቻና ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ ተበተኑ። የእሷ ልብ ግን ቪዥዋል መርቻንዳይዚንግ በሚባለው ትምህርት ላይ ነበር። ይህ ትምህርት ልብስ መስፋትን አይነካም፤ የተሰፋው ልብስ በሱቁ ውስጥ የት ይሰቀል፣ በምን ብርሃን ይታይ፣ የመንገደኛው ዓይን ምን ላይ አርፎ እግሩ ወዴት ይሳብ የሚለውን ነው የሚያስተምረው። ቦሌ ካሉት ትልልቅ ቡቲኮች በአንዱ ልትለማመደው ተመኝታ ነበር፤ ይሁንና ቦሌ ለመለማመድ አዲስ አበባ ቤት መከራየት ያስፈልጋል፣ ኪራዩም ከእናቷ ደመወዝ ጋር አይተዋወቅም። እናትየው ደወለችልኝ፣ እኔም ሁለት ቀን አስቤ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ የባህል ልብስና የማስታወሻ ዕቃ ወደምትሸጥ ጎረቤቴ ሄጄ ነገሩን አጫወትኋት። ጎረቤቴም «ዕቃ ከነካች በኋላ ወደ ቦታው የምትመልስ ከሆነ ትምጣ» አለችኝ።

ከዚያም ልጅቱ ተነሣች። ከባሕር ዳር ንጋት ላይ የተነሣ መኪና ወረታ ደርሶ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፣ ከዚያም ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፣ ከዚያም የጉናን ጭጋግ ሰንጥቆ ንፋስ መውጫን ያልፍና ስሙ ሲጠራ እንኳ ከሚያንቀጠቅጠው ከጋሸና ይደርሳል። ልጅቱ ከሻንጣዋ ሌላ እጅና ራስ የሌላት፣ ልብስ የምታሳይ አሻንጉሊት ይዛ ነበር፤ ባሕር ዳር ከአንድ ልብስ ሰፊ በርካሽ የገዛቻትን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ። ረዳቱ ገና ሲያያት «ወንበር ከያዘች ትከፍላለች!» ብሎ አፈጠጠ፤ ከዚያ ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ፣ ገሚሱ ግዑዝ ነገር ሒሳብ አይከፍልም አለ፣ ገሚሱ ወንበር ወንበር ነው አለ፣ በመጨረሻ አንዲት እናት «ስጡኝ፣ እኔ እይዛታለሁ» ብለው ያንን ጎዶሎ ገላ ደብረ ታቦር እስኪወርዱ ድረስ ታቅፈውት ሄዱ። ጋሸና ላይ ሻይ ጠጥታ፣ እጇን በብርጭቆው አሙቃ፣ ወደ ሰሜን የሚታጠፈውን የ64 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ያዘች፤ መንገዱም ወደ ላስታ ሲወርድ ዝናቡ ጋብ አለና ከ4,200 ሜትር በላይ የሚቆመው አቡነ ዮሴፍ ደመናውን እስከ ወገቡ ታጥቆ ታያት። ቤቴ ስትገባ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ አሻንጉሊቷ ግን ጠብታ ሳይነካት ነበር።

ሱቋ ሁለት ክፍል ያላት የድንጋይ ቤት ናት፣ ቆርቆሮ ለብሳ፣ ወደ መንገዱ ሁለት በር ከፍታ። መስታወት የሚባል ነገር የላትም። ውስጧ ደግሞ የሞላው ነገር! ጋቢው በነጠላው ላይ፣ ነጠላው በቀሚሱ ላይ፣ የአንገት መስቀሉ በአንድ ክር እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ተንጠልጥሎ፣ ከለስላሳ ድንጋይ የተጠረቡ ትንንሽ ቤተ ጊዮርጊሶች በሙዳይ ውስጥ፣ ሙዳዩ በመሶብ ውስጥ፣ ብራና ላይ የተሳሉት ቅዱሳን ከሰፌድ ጀርባ። የሐምሌ እርጥበት ጥጡን ስለሚያሻግተው ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ሁሉም ወደ ውጭ ይወጣል፣ ደመናው ሲመለስ ሁሉም እየተሯሯጠ ይገባል፣ ገብቶም መጀመሪያ ወደተገኘው ቦታ ይወሸቃል። ልጅቱ ቆማ አየችና ማስታወሻዋን አወጣች።

መጀመሪያ ያደረገችው አሻንጉሊቷን በሩ ላይ ማቆም ነበር። የትምህርት መጽሐፏ «ለሽያጭ የምትፈልገውን በዓይን ልክ አድርግ» ይላል፤ በነጠላ ላይ ደግሞ ዓይን የሚስበው ጥለቱ ነው። ስለዚህ ምርጡን ነጠላ፣ ጥለቱ ቀይና ወርቃማ የሆነውን መረጠች፣ ከዚያም ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ በአሻንጉሊቷ አንገትና ትከሻ ዙሪያ አሳምራ ጠቀለለችው፣ ከዚያም ወደ መንገዱ ወርዳ ራቅ ብላ አየችውና ደስ አላት። ብዙም አልቆየ፣ ከቅዳሴ የምትመለስ አንዲት ሴት ከበሩ ስትደርስ ድንገት ቆመች። አሻንጉሊቷን አየች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባችና የባለ ሱቋን እጅ ይዛ «እግዜር ያጥናሽ እህቴ፣ ማን ነው?» አለቻት። ባለ ሱቋ ግራ ገባት። ሌላ መንገደኛ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ ቀብሩ የት እንደሆነ ጠየቀ። ያን ጊዜ ባለ ሱቋ ወጥታ አሻንጉሊቷን አየቻትና በርጩማው ላይ ዘጭ ብላ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በአገራችን ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ የሚለብስ ኀዘንተኛ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ልጅቱም ታውቀው ነበር፣ ለቅሶ ቤት ስትሄድ እናቷ አዙራ አልብሳታለች፤ አሻንጉሊት ሲሆን ግን የሰው ልብስነቱን ረሳችው። ባለ ሱቋ ምንም አልተቆጣች። ተነሥታ ነጠላውን ፈታች፣ ጥለቱን ወደ ታች አወረደችው፣ በደረቱ ላይ አጣፍታ እንደ ዓመት በዓል አለበሰቻት፣ ከዚያም «አሁን ሰርግ ሄደች» አለች።

በዚያ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠን ስትጫወት ስለ ሙያዋ አባቶች ነገረችኝ። ኤል. ፍራንክ ባውም የሚባል አሜሪካዊ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ስለ ኦዝ ጠንቋይ የሚተርከውን የልጆች መጽሐፍ የጻፈው፤ ይህ ሰው ተረቱ ከመታተሙ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ስለ ሱቅ መስኮት አደራደር ብቻ የሚያወራ መጽሔት አቋቁሞ ነበር አለችኝ። ተራኪ መሆኑን ስሰማ ለሙያው ያለኝ ግምት ከፍ አለ፤ የተረት ሰው ምን ቀድሞ ምን ተከትሎ እንደሚወጣ ካላወቀ ማን ያውቃል? ሰልፍሪጅ የሚባለው ነጋዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ ግዙፍ መደብሩን ከፍቶ የመስኮቱን መብራት ሌሊትም አላጠፋም፣ ሰው ሱቁ ተዘግቶም እንዲያይ ብሎ። «እኛ ጋ እኮ ቀንም ይጠፋል» አልኳትና ሳቅን፤ ሳቅ ብቻ ሆኖ ግን አልቀረም፤ በማግስቱ ከሱቋ የውስጠኛው ግድግዳ ላይ ጥቁር ቀይ ምንጣፉን አወረደች፣ በምትኩ ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋች፣ በበሩ የሚገባው የደመና ብርሃንም ነጩ ላይ አርፎ ሲመለስ ክፍሉ አምፖል የበራበት መሰለ። ባለ ሱቋ ገብታ ዝም ብላ ዞረች፣ ዞረችና አንዱን ጋቢ ቀና አደረገች፣ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኛ አገር ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የመስቀሉ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በመጽሐፏ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል አደራደር አለ፣ ትልቁ ዕቃ መሐል ከፍ ብሎ ትንንሾቹ በግራ ቀኝ እየወረዱ የሚቀመጡበት። እሷም ከበሩ አጠገብ መሬቱ ላይ ሰፌድ ዘርግታ ትልቁን የእጅ መስቀል መሐል አቆመች፣ ትንንሾቹን በዙሪያው አስተኛቻቸው። አምሮ ነበር፣ መዋሸት አልችልም። ባለ ሱቋ ከወፍጮ ስትመለስ ቅርጫቷን አስቀመጠችና አጎንብሳ መስቀሎቹን አንድ በአንድ እያነሣች፣ እያንዳንዱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ከሁሉ በላይ ወዳለው መደርደሪያ አወጣቻቸው።

«እትዬ፣ እነሱ እኮ ገና ያልተባረኩ፣ የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው» አለች ልጅቱ።

«ዛሬ ዕቃ ነው፤ ነገ ካህን ይባርከዋል፣ ሰው ይሳለመዋል። እኔ መሬት ላይ አስቀምጬው የነበረውን?»

«ግን ከዓይን በላይ ከሆነ አይሸጥም። እዚያ ላይ ማንም አያይም፤ መጽሐፉም ይላል።»

«ሰው መስቀል ሊያይ ሲል ቀና ይላል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅቱ እየተከራከረች ሳይሆን እየተከዘች ወደ ቤቴ መጣች። ከዚያ በኋላ የሱቋን ንድፍ እንደገና ሣለችው፤ መስቀልና ሥዕል ከላይ፣ ልብስ መካከል፣ መሶብና ሙዳይ ከታች። መጽሐፉ መደርደሪያን የሚከፍለው በሽያጭ ነው፤ ባለ ሱቋ የከፈለችው በማዕረግ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ ግን ላሊበላ ላይ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሁለተኛውን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ጊዮርጊስን ላሳያት ወሰድኋት። የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ከሩቅ ምንም የለም። ግንብ የለ፣ ጉልላት የለ፣ ዳገቱን ትወርዳላችሁ፣ ቀይ አለት ላይ ትረግጣላችሁ፣ ከዚያም ድንገት ከእግራችሁ ሥር መሬቱ ይከፈትና በጣሪያው ላይ የተቀረጸውን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠውን መስቀል ቁልቁል ታያላችሁ፤ ጣሪያው ከመሬቱ ጋር እኩል፣ መሠረቱ 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች። ዝናቡ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ወዝ አኑሮ፣ ከታች አንድ ቄስ ነጭ ለብሰው እየተሻገሩ ነበር። ልጅቱ ብዙ ቆየችና «ጋሼ፣ እኛ ግን ሁሉንም በሩ ላይ ዘርግፈነዋል» አለችኝ። የእግዚአብሔርን ቤት ከሱቅ ጋር እንዳታወዳድር ገሠጽኋት፤ መገሠጽ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ቤት ስንመለስ ልክ መሆኗን እያሰብሁ ነው የሄድሁት።

እሷም ሰኞ ማለዳ አንዱን በር ባዶ አደረገችው። አንድ መሶብ ብቻ፣ ያውም አለላው ያማረውን፣ አቆመችበት፤ ሌላው ወደ ውስጥ ገባ። ባለ ሱቋ «መንገደኛው ዕቃ ያለቀብን መስሎት ያልፋል» ብላ አልተቀበለችውም፤ ልጅቱም «እስኪ ወደ ውስጥ ምን ፈልጎ ይገባል ታዲያ?» አለች፤ ከምሳ በፊት ቃል ተለዋወጡ፣ ከምሳ በኋላ ተስማሙ፤ የግራው በር እንደ ልጅቱ፣ የቀኙ በር እንደ ባለ ሱቋ። ከተማው በክርክሩ ለሁለት ተከፈለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጅቱ ገበያ እየወረደች የገጠሩን ሴቶች ማየት ጀመረች፤ በርበሬዋን ማን በምን ላይ እንደምትደረድር፣ ቅቤ ሻጯ የቱ ጥላ ሥር እንደምትቀመጥ፣ ሽንኩርቱ በመደብ በመደብ ሲቀመጥ ትልልቁ ለምን ፊት እንደሚሆን። ሥዕሎቹን አሳይታኛለች፤ ማስታወሻዋ ውስጥ ከመጽሐፉ የተቀዳው ገጽ እያነሰ፣ የቅዳሜ ገበያው ገጽ እየበዛ ሄዶ ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ ከበድ ያለ ነገር። ልጅቱ በአንድ ጥግ «የጥንት ዕቃ» የሚመስል ክፍል ልታዘጋጅ አስባ ነበር፤ ጢስ የለበሰ ብራና፣ የወየበ ሥዕል፣ ፈረንጅ ያረጀ ነገር ይወዳል ብላ። አዲሱን ብራና በጢስ አስረጅቶ የሚሸጥ አይጠፋምና ሐሳቡን ከሰማይ አላመጣችውም። በዚያው ሰሞን፣ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ በሚወርድበት ከሰዓት፣ የማናውቀው ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጽሐፍ ነው፣ የድሮ ነው» አለ። ባለ ሱቋ ጨርቁን አላስፈታችውም፣ እጇንም አልዘረጋችም፤ ቆማ በሩን አሳየችው፣ ሰውየውም በረዶው እየወረደበት ሄደ። ከዚያ ቁጭ ብላ ለልጅቱ ስለ አፍሮ አይገባ ነገረቻት። ይህ የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከመቅደሱ ተሰርቆ፣ ከአንድ የቤልጂየም ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ቦታው የተመለሰው ነው፤ በዚያ መካከል ላሊበላ እንዴት እንደ ነበረች እኛ ያየነው እናውቃለን፤ እናቶች ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሆነው ሲያለቅሱ ሰምተናል። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ የጥንት የሚመስል ነገርም ኤርፖርት ላይ ይፈተሻል። «አዲሱን አሮጌ ካልሽው እንግዳውን ዋሸሽው፤ ሕዝቡንም ሌባ አስመሰልሽው» አለቻት። ልጅቱም ያንን ጥግ ተወችው። በምትኩ ከእያንዳንዱ ብራና ሥር በእጅ ጽሕፈቷ «ዘንድሮ የተሣለ» የሚል ትንሽ ወረቀት አስቀመጠች፤ የሚገርማችሁ፣ ከክረምቱ ጥቂት እንግዶች አንዱ ወረቀቱን አስተርጉሞ ሰዓሊው በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አለ ሲሉት ሄዶ ሊያገኘው ፈለገ።

ከዚያም ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታም ተያዘ። ከተማዋ ዝግ አለች፣ ሰው ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ዝናብ። ሱቋ ውስጥ ዝንብ እንኳ ጠፋ። ልጅቱ ሪፖርቷ ላይ የምትጽፈው ሽያጭ ስላጣች ተጨነቀች፤ ባለ ሱቋ ግን «ይምጡ፣ ትንሽ ቆዪ» ትላታለች። እነማን እንደሚመጡ አልነገረቻትም። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ፣ ሰቆጣዎች ሻደይ፣ ቆቦዎች ሶለል፣ እኛ ላስታዎች አሸንድዬ የምንለው የልጃገረዶች በዓል ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከየገጠሩ ቀበሌ ልጃገረዶች አምስት ስድስት እየሆኑ መውረድ ጀመሩ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሹሩባቸው ገና ቅቤ ያልነካው። ዶቃ ይፈልጋሉ፣ ድሪ ይፈልጋሉ፣ ኩል ይፈልጋሉ፣ ቀሚሱን ይዳስሱና ዋጋውን ሰምተው ይመልሱታል። ልጅቱ እያየቻቸው አንድ ነገር ገባት፤ ሱቋን ስትደረድር የከረመችው ለፈረንጅ ነው፣ እነዚህ ግን ሊጎበኙ አልመጡም፣ ራሳቸው ሊታዩ ነው የመጡት። ሮጣ ቤቴ መጣችና የግድግዳ መስተዋቴን ያለ ፈቃድ ነቅላ ወሰደችው፤ በባዶው በር ላይ፣ የገጠር ልጅ ቁመት በሚሆን ልክ ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው፣ ከአጠገቡም ዶቃና ድሪውን በእጅ የሚደረስበት አደረገችው።

ወገኖቼ፣ ያ በር ምን እንደሆነ ብታዩ! አንዷ ድሪውን አንገቷ ላይ አድርጋ ታያለች፣ ጓደኛዋ ትገፋታለች፣ ሦስተኛዋ ከኋላ ሆና በሁለቱ ትከሻ መካከል ዓይኗን ትፈልጋለች፣ ሳቁ እስከ ገበያው ይሰማል። ባለ ሱቋ መጀመሪያ «አይተው ይሄዳሉ» ብላ ነበር፤ አዎ፣ ብዙዎቹ አይተው ሄዱ፤ ግን ሄደው እህቶቻቸውን ይዘው መጡ። የተሸጠው በአብዛኛው ዶቃ ነው፣ ቀሚሱ ጥቂት ነው፣ ገንዘቡም የፈረንጅ ገንዘብ አያህልም። በበዓሉ ዕለት ለምለሙን አሸንዳ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ፣ እየጨፈሩ በየቤቱ ሲዞሩ ከሱቋ ፊት ደርሰው ልጅቱን ጎትተው ከመሐላቸው አስገቧት፤ ውዝዋዜው እንደ ጣና ዳሩ አይደለምና እግሯ ተጠላለፈ፣ ማንም ግድ አልሰጠው።

ጳጉሜን ላይ ተሸኘች። ባሕር ዳር ስትደርስ አማካሪዋ ሪፖርቱን አንብበው ሽያጭ በስንት በመቶ እንደ ጨመረ ጠየቋት፤ እሷም ክረምትን ከክረምት የሚያወዳድር ደብተር ሱቋ እንደሌላት፣ ማን እንደገባና ምን ነክቶ እንደሄደ ግን በየቀኑ መመዝገቧን ተናግራ ማስታወሻውን አስረከበች። ማርኩን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ለ2012 ገና ግን ተመልሳ መጣች። ምእመናኑ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎጃም፣ ከበጌምድር በእግራቸው እየጎረፉ፣ ሜዳውና ዳገቱ በነጭ ጋቢ ተሞልቶ፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ለማለት ሲዘጋጁ እሷ በቀጥታ ወደ ሱቋ ሄደች። ባለ ሱቋ አሻንጉሊቷን ራሷ አልብሳ በግራው በር አቁማታለች፤ ጋቢ ደርባላት፣ በጎኗ መቋሚያ አስደግፋ፣ ልክ እንደ መንገደኛ ተሳላሚ። ልጅቱ ጋቢው ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት ሸፈነው አለች፤ ባለ ሱቋ ዋጋ በአፍ ይነገራል አለች፤ ልጅቱ መቋሚያው ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ይሻላል አለች፤ ባለ ሱቋ መቋሚያ የሚያዘነብል ሰካራም ብቻ ነው አለች። በዚህ መሐል አንድ የጎጃም ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ ገባ፣ ጋቢውን አልፎ መቋሚያውን ያዘ፣ ክብደቱን መዘነ፣ ዋጋውን ጠየቀ። ባለ ሱቋ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ቤት አቅጣጫ ተመለከተችና ዋጋ ጠራች። መቋሚያው የእኔ ነበር፤ ጠዋት «ለአንድ አፍታ» ብላ ከደጄ የወሰደችው። ከማዶ ሆኜ ሳይ ገንዘቡ እየተቆጠረ፣ ልጅቱም ከአሻንጉሊቷ ኋላ ተደብቃ እየሳቀች ነበር፤ ባለ ሱቋም ሌላ መቋሚያ ልትገዛልኝ ቃል እንደገባች እስከ ዛሬ አለን።